እግር አይዋሽም ብዬ ነበር

የሰው እግር አይቼ ሥራውን እናገር ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ይነደኛል፤ ያን ጊዜ ግን አፌን ሞልቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የማወራው። ሐርጌሳ በኖርኩባቸው ዓመታት ወገቤን፣ ዳሌዬን፣ እግሬን እያለ ወደ ክሊኒካችን የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያልፍ ነበር። ልብስ ሰፊን በባቱ አውቀዋለሁ፤ የስፌት መኪናውን መርገጫ ሲረግጥ የሚውለው እግር ከሌላው ይወፍራል። ጆንያ ተሸካሚን በወገቡ አውቀዋለሁ፤ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ያለው ቆዳ ይደድራል፣ አንዱ ዳሌውም ዝቅ ይላል። ግንበኛን በጉልበቱ፣ የጭነት መኪና ሾፌርን በገተረው ቀኝ ዳሌው፣ የግመል እረኛን በቀጭን ረጅም ባቱና በተሰነጣጠቀ ተረከዙ። በግራ ቁርጭምጭሚት በውጭ በኩል ጠቆር ብሎ የደደረ ቆዳ ካየሁ ደግሞ ሶላቱን የማያቋርጥ ሰው ነው፤ ሰግዶ ሲቀመጥ የሚያርፍበት ቦታ ነውና። ይህን ለማወቅ ነቢይነት አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። እኔ ግን እንደ ነቢይ መታየት ደስ ይለኝ ነበር።

ከአገሬ የወጣሁት ወጣት ተገድሎ በየመንገዱ በሚጣልበት ዘመን ነው። ጤና ረዳትነት ተምሬ ገና ነጭ ጋውኔ ሳይቆሽሽ በጅግጅጋ በኩል ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ። ሐርጌሳ ስደርስ አንድ ሽማግሌ የአጥንት ሐኪም አገኙኝና ረዳታቸው አደረጉኝ። ውጭ አገር የተማሩ፣ ቁጡ፣ ሲጋራ ከአፋቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ምርመራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሽተኛው ከበሩ እስከ አልጋው ሲራመድ ግማሹን ጨርሰሃል ይሉኝ ነበር። ከዚያ ከኋላው ቁም፣ ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች እኩል መሆናቸውን እይ፣ አጎንብስ በለው፣ በተረከዙና በጣቱ አስኪደው፣ በጀርባው አስተኝተህ እግሩን ሳይታጠፍ አንሳው፣ የት ላይ እንደሚጮህ ስማ። እጅህን የምታሳርፈው በመጨረሻ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚቆጡኝ ግን የማላውቀውን አውቃለሁ ስል ነበር። «የማታውቀው ነገር ሲገጥምህ አላውቅም በል» አሉኝ አንድ ቀን፣ የሾፌሩን ሕመም የኩላሊት ነው ብዬ ቀድሜያቸው በተናገርኩ ጊዜ። «አላውቅም ያለ ሐኪም ሰው ገድሎ አያውቅም።» እሳቸው ጦርነቱ ሳይጀመር ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ። መዶሻቸውንና ወንበራቸውን ለእኔ ትተው ነበር።

የምኖረው ጋአን ሊባህ በሚባል ሠፈር ነበር፣ ጅግጅጋ ተወልደው ባደጉ አንዲት ሴት ግቢ ውስጥ። ባል የሞተባቸው፣ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላቸው፣ አማርኛን ከእኔ በላይ የሚያፈጥኑ ሴት ነበሩ። እንደ አገሩ ወግ ኤዶ እላቸው ነበር፤ የአባት እህት እንደማለት ነው። እሳቸውም ልጄ ይሉኛል። ሙስሊም ያረደውን ሥጋ እንደማልበላ ካወቁበት ጊዜ ጀምሮ የእኔን ምግብ በሌላ ድስት ይሠሩልኝ ነበር። አንድም ቀን አላጉረመረሙም፤ እንዲያውም ልጃቸው የእኔን ማንኪያ ወደ ሥጋው ድስት ሲያስገባ ጆሮውን ይቆነጥጡታል።

በዓመት ሁለቴ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ኤዶ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ይዘው ይመጡ ነበር። «የቄራው ሰውዬ ልኮልሃል» ይሉኛል። «ለክርስቲያኑ ልጅሽ ስጪው፣ እኛ ያረድነውን አይበላም፣ በገዛ እጁ ባርኮ ይረደው አለኝ፣ ወላሂ።» እስቃለሁ፤ ያመስግኑልኝ እላለሁ። ሄጄ ግን አላመሰገንኩትም። ቄራው አጠገብ ስደርስ መንገድ እቀይር ነበር። ሽታውን አልችለውም እል ነበር እንጂ እውነቱ ሌላ ነው፤ የሙስሊም እርድ ካለበት መራቅን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለለመድኩ ነው። የዚያን ከተማ ሠራተኛ ሁሉ እግር ሳገላብጥ ከቄራው አጥር ወዲያ ግን አንድም ቀን አልገባሁም፤ ከዚያም ወገቡን አሞት ወደ እኔ የመጣ አልነበረም።

አሁን ወደ መኮንኑ ልምጣ። የሠፈራችንን የጸጥታ ጉዳይ የያዘ መኮንን ነበር፤ ወፍራም፣ ሽቶ የሚወድ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። ከግራ ወገቡ ተነስቶ በመቀመጫው በኩል እስከ ትንሿ ጣቱ የሚወርድ ሕመም ይዞት በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። አስተኝቼ እግሩን ሳነሳው ከአልጋው አንድ ክንድ ሳይርቅ እንደ ሕፃን ይጮሃል። አሸዋለሁ፣ እስበዋለሁ፣ እንዴት እንደሚተኛ አሳየዋለሁ። ይሻለዋል፣ ያመሰግነኛል። በሶማልኛ ነበር የምናወራው፤ ሐበሻው ሐኪም ይለኛል።

አንድ ቀን ተገልብጦ ተኝቶ ሳለ አፌ አላርፍ አለኝ። ጌታዬ፣ እርስዎ ሽጉጥዎን በቀኝ ነው የሚታጠቁት አልኩት። መኪና ውስጥ ነው የሚውሉት፣ ከፊት ወንበር። በእግርዎ ርቀው ከሄዱ አምስት ዓመት ያልፍዎታል። ተገርሞ ቀና አለ። ከዚያማ ማን ያስቁመኝ! የልብስ ሰፊውን ባት፣ የተሸካሚውን ወገብ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። «ሰው አፉን ያሰለጥናል፣ ጌታዬ» አልኩት። «ሲጠይቁት የፈለገውን ይናገራል። እግሩን ግን አያሰለጥንም። እግር አይዋሽም።» ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። በል ድገመው አለኝ፤ ደገምኩለት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አማፂዎቹ ከድንበሩ ማዶ መጥተው ከተማ ገቡ፤ መንግሥትም ከተማዋን በመድፍ ይቀጠቅጣት ጀመር። አውሮፕላኖቹ የሚነሱት እዚያው ከከተማው ዳር ካለው ማረፊያ ነበር። ተነስተው ዞር ይሉና ያችኑ የተነሱባትን ከተማ ደብድበው ተመልሰው ያርፋሉ፤ ቦምብ ጭነው እንደገና ይነሳሉ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ያለው ቤት ወደቀ። ከፍርስራሹ ሥር የወጣችው ሴት ከወገቧ በታች አልነበረችም። ዛሬ 31 ሜይ የሚሉት ሠፈር በኩል ጭሱ ቀን በቀን ይቆም ነበር። ወታደሮቹ ደግሞ ከቤት ቤት እየገቡ ወንድ ይለቅሙ ያዙ።

የኤዶ ልጅ ለሁለት ወር ጠፍቶ ነበር። ከተዋጊዎቹ ጋር ገብቶ፣ ታፋው ላይ ቆስሎ፣ አቧራ ለብሶ ወደ እናቱ ተመለሰ። ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጥይት የታጠቀበት ቀበቶ ዳሌውን ዙሪያውን ልጦት ነበር፤ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው፣ ግማሹ የቀረፈ ግማሹ የሚያዥ መስመር። መሣሪያውን ጉድጓድ ውስጥ ጣልነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ አጥሩን ጥሰው ገቡና ወሰዱት። ኤዶ ከወታደሩ እግር ላይ ተጠመጠሙ፤ በሰደፍ ትከሻቸውን ብሎ አራገፋቸው።

ሳይመሽ እኔንም የሚጠራ ሌላ ወታደር መጣ። መኮንኑ ይፈልግሃል አለኝ። ወገቡ ተነስቶበት ይሆናል ብዬ መዶሻዬን በኪሴ ከተትኩ። ኤዶ እጄን ያዙ። «ይሰማሃል ያ ሰው» አሉኝ። «ልጄን አድንልኝ፣ ልጄ፤ አንድ ነው ያለኝ። በአምላክህ በማርያምህ ይዤሃለሁ።» አድንልዎታለሁ አልኩ። እንዴት እንደማድነው የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ብቻ አልኩ።

የወሰዱኝ ጅግጅጋ ያር ከሚባለው የሐርጌሳ ሠፈር አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ዘጠኝ ወንዶች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ቆመዋል፤ የኤዶ ልጅ ስምንተኛ ነው። ግድግዳው ላይ የልጆች የኖራ ጽሕፈት ሳይጠፋ ነበር። ከማዶው ጥግ ደግሞ ጆንያ የተደረበባቸው ሰዎች ተጋድመዋል፤ እግራቸው ብቻ ይታያል። መኮንኑ የመምህር ጠረጴዛ አስወጥቶ ከጎኑ ቆሟል፤ መቀመጥ አልቻለም፣ ግራ እግሩን እያነከሰ ነው።

«ሐበሻው ሐኪም» አለኝ፤ ፈገግ ብሎ። «እግር አይዋሽም ብለኸኝ አልነበር? ከእነዚህ ውስጥ ታጣቂው ማን እንደሆነ ንገረኝ። አፋቸውን አልጠይቅም፤ የሚናገር ካለ ይመታል። ወገባቸውንና እግራቸውን አንብብልኝ።» ከዚያ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዱን እኔ አውቀዋለሁ። ብትዋሸኝ እዚያው አውቃለሁ።»

ይህችን ንግግር ያዙልኝ። እኔ የሰማኋት እንዲህ ነው፦ ከዘጠኙ አንዱ የራሱ ሰው ነው፤ ወታደር ሽርጥ አልብሶ መሃላቸው አቁሞ ሊፈትነኝ ነው።

ሽርጣችሁን አውልቁ ተባሉ። ለሙስሊም ወንድ ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ በሰው ፊት መገለጥ ነውር ነው፤ ያዘዛቸው ወታደርም ሙስሊም ነበርና ያውቀዋል። መጀመሪያ የቆሙት ሽማግሌ ሽርጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እምቢ አሉ። ወታደሩ በሰደፉ ዳሌያቸው ላይ አሳረፈባቸው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ይመስል ነበር። ወደቁ። ቀኝ እግራቸው ወዲያው አጠረ፣ ጫማቸው ወደ ውጭ ዞረ፤ የዳሌ ስብራት ለማወቅ ከዚህ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። አጎንብሼ ቁርጭምጭሚታቸውን አየሁ። የስግደት ጠባሳቸው ከጣት ውፍረት ይበልጣል።

«ምንድነው ይሄ?» አለ መኮንኑ።

«ሽማግሌ ናቸው፣ ጌታዬ። የሚሰግዱ ሰው። ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ከእንግዲህ አይራመዱም።»

አይራመዱም ማለቴ ገደላቸው ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። «የማይራመድ ማን ይሸከምልኛል?» አለና በራሱ ሽጉጥ ተኮሰባቸው። ደማቸው ጫማዬና እጄ ላይ ተረጨ። ከቆሙት ውስጥ አንዱን ሽንቱ አመለጠው፤ በእግሩ ሲወርድ ይሰማ ነበር።

ከዚያ በኋላ እጄ ራሱን የቻለ ነገር ሆነ። አስተማሪዬ እንዳሳዩኝ ከኋላ ቆሜ፣ ዳሌ ለክቼ፣ በተረከዝ አስኪጄ፣ አስጎንብሼ አስነስቼ። ሁለተኛው ልብስ ሰፊ ነው አልኩ፤ እውነትም ነበር። ሦስተኛው የአህያ ጋሪ ውሃ ሻጭ። አራተኛው ሾፌር። አምስተኛው የግመል ሰው፣ ለገበያ የመጣ። ስድስተኛው ልጅ ሆኖ እግሩ የቀጨጨ፣ ክራንች የሚይዝ። እየጠራሁ ወደ በሩ እንዲሄዱ ይደረግ ነበር። ሰባተኛው ግንበኛ ነው አልኩ፤ ጉልበቱ እንኳ ግንበኛ አይመስልም ነበር፣ ይሁን ብዬ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሰው ማትረፍ የቻልኩ መስሎኝ ደረቴ ሞቅ ብሎት ነበር፤ በዚያ ደም መሃል እንኳ ኩራት አልለቀቀኝም።

ስምንተኛው የኤዶ ልጅ ነው። አስጎነበስኩት። የቀበቶው መስመር ፀሐይ ላይ ያብረቀርቅ ነበር፣ እዥ ይዞ። ቁስሉን በመዳፌ ከለልኩና ውሃ ተሸካሚ ነው አልኩ። ዳሌውን የጄሪካኑ ገመድ ነው የላጠው፤ ታፋው ላይ ያለው የቦምብ ፍንጣሪ ነው።

መኮንኑ እያነከሰ መጣ። እጄን በሽጉጡ አፈሙዝ ከልጁ ዳሌ ላይ ገፋው። «ገመድ» አለ።

«ገመድ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሁሉም ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም ሾፌር፣ ሁሉም ውሃ ቀጂ። ታዲያ የሚተኩስብን ማነው? ሴቶቹ?» ሽጉጡን በልጁ ወገብ ላይ፣ ልክ ከአከርካሪው መጨረሻ አጠገብ፣ አሳረፈው። «አንድም ታጣቂ ካላገኘህ እግር ይዋሻል ማለት ነው። ወይ አንተ ትዋሻለህ።»

ያን ጊዜ ነው ዘጠነኛውን ያየሁት። አስቀድሜም አይቼው ነበር፤ ትልቅ፣ ዝምተኛ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ሰው። ከሁሉም ፂም ሲወጣ የእሱ ተላጭቷል። አይንቀጠቀጥም። ጠጋ ብዬ ባቱን አየሁ፤ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ፀጉር የሌለው፣ የለሰለሰ ቀለበት አለ፣ በሁለቱም እግሩ። ይህ ቀለበት የረጅም ቦቲ ነው። ቀኝ ዳሌው ላይ ደግሞ የደደረ ጥቁር ጠባሳ አለ፤ ከባድ ነገር በቀበቶ ለዓመታት ያንጠለጠለ ሰው ጠባሳ። የወገቡ የቀኝ ጡንቻ ከግራው ይበልጣል። ቦቲና ሽጉጥ! ያ አንዱን አውቀዋለሁ ያለው ሰው ይኸው። የራሳቸው ወታደር። ይህን ሰው ብጠቁም የሚደርስበት ነገር የለም፤ ወደ ጎን ይወስዱትና ይስቃሉ፣ መኮንኑም እውቀቴን ያምናል፣ የኤዶም ልጅ ይተርፋል። በዚያች ቅጽበት ራሴን ብልህ አድርጌ አየሁት። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ እንኳ ብሎኝ ነበር።

«ይሄ ነው» አልኩ። «ለዓመታት ቦቲ ያደረገ፣ በቀኙ የታጠቀ ሰው ነው።»

ሰውየው ዞሮ አየኝ። ያን አስተያየት የማያውቁትን ሰው አያዩበትም፤ የሚያውቁት ሰው ሲሳሳት የሚታይበት ነው። አፉን ከፈተ። «ሐኪም፣ እኔ…» ከማለቱ ወታደሩ አፉን በሰደፍ መታው። ጥርሱ ተራገፈ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀውም። አፍ ይዋሻል ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ጆንያ ወደተደረበባቸው ሰዎች ጥግ ወሰዱት። ሁለት ጊዜ ተተኮሰ። የማስመሰያ ተኩስ ነው ብዬ ቆምኩ። መኮንኑ እስኪስቅ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ጠበቅኩ። ሰውየው ተነስቶ አቧራውን እስኪያራግፍ ጠበቅኩ። ሁለቱ እግሮቹ ቀስ ብለው ወደ ውጭ ተከፈቱ፣ ጣቶቹ ግራና ቀኝ ተዘረጉ። የሞተ ሰው እግር እንዲህ ይከፈታል።

«አየህ፣ ጎበዝ ነህ» አለኝ መኮንኑ። የኤዶን ልጅ በእግሩ ወደ በሩ ገፋው። ታዲያ ያ የሚያውቀው ሰው የቱ ነበር? ምናልባት ማንም አልነበረም። እንዲያው ሊያስፈራራኝ ያላት ነገር ትሆናለች፣ እኔ ነኝ ሰው ያለበስኳት።

ከዚያ ያደረግኩትን ልንገራችሁና ፍረዱኝ። መኮንኑ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተጋደመ። ወገቤ ሊገድለኝ ነው፣ በል እየኝ አለ። ሽጉጡን ከራሱ አጠገብ አስቀምጧል። የሽማግሌው ደም ያልደረቀበት እጄን ጋውኔ ላይ ጠረግኩና እግሩን አነሳሁ። ጥቂት ከፍ እንዳለ ጮኸ። እዚያው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ብገፋው የሚያሰማውን ጩኸት አሰብኩ፤ ጩኸቱን ጓጓሁለት። አልገፋሁትም። ገለበጥኩት፣ በአውራ ጣቴ መቀመጫው ውስጥ የተቋጠረውን ጡንቻ ፈልጌ ተጫንኩት፣ እስኪፈታ ድረስ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ ያሸሁት ሰው የለም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሲነሳ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በጣቱ ሄደ፣ በተረከዙ ሄደ፣ ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ፤ ሳያነክስ።

ቤት ስደርስ ኤዶ መሬት ላይ ወድቀው ጉልበቴን ሳሙ። «አላህ እናትህን ያክብርልኝ፣ አላህ አይንሳህ» ይሉኛል፣ እንባቸው ሱሪዬን አራሰው። ልጃቸው ከማዕዘኑ ተቀምጦ ያየኛል።

በማግስቱ መድፉ ወደ እኛ ሠፈር ዞረ። እንጀራ መጋገሪያ የሚያህል ቀዳዳ ጣሪያችን ላይ ሲከፈት ኤዶ ቋጠሯቸውን አንስተው ወጡ። የከተማው ሕዝብ ሁሉ ወደ ድንበሩ ይጎርፍ ነበር። እኔ ሸሽቼ ወደመጣሁበት አገር ሸሽቼ ተመለስኩ። አውሮፕላን ሲመጣ ግራር ሥር እንወድቃለን፣ ሲሄድ የወደቅነው ሁሉ አንነሳም። ከፊታችን የምትሄድ ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች፤ አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ ልጁ ብቻ ሲያለቅስ አገኘነው። ኤዶ አነሱትና አዘሉት። እንዲህ እያልን አራት ቀን ሄድን። የልጃቸው ታፋ አመርቅዞ ነበር፣ እየደገፍኩት ነው የሚሄደው። ክንዱን በአንገቴ ላይ ጥሎ፣ ፊቱን ግን ወደ ሌላ አዙሮ።

በአምስተኛው ጠዋት ድንበሩ ጋ ልንደርስ ስንል ከአንድ ግራር ሥር አረፍን። ኤዶ ያዘሉትን ሕፃን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በጣታቸው ውሃ ያጠጡታል። ከኋላችን የሚመጣውን ሰው እያዩ ከሠፈራችን ማን እንደወጣ ማን እንደቀረ በስም ይቆጥሩ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ። «ያ የቄራው ሰውዬስ ወጥቶ ይሆን? ያ ዶሮ የሚልክልህ።»

«እንጃ፣ አላውቀውም እኮ፣ ኤዶ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«አቤት አንተ! ይሄን ሁሉ ዘመን ሰውየውን ዞረህ አላየኸውም?» አሉ፤ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው። «ትልቅ ሰው ነው፣ ዝምተኛ፣ ፂሙን ሁልጊዜ የሚላጭ። እስከ ጉልበቱ የጎማ ቦቲ አድርጎ፣ ቢላዋውንና ሞረዱን በቀኝ ወገቡ ታጥቆ ነው የሚውለው። በሬውን በአንድ ትከሻው መንጠቆ ላይ ይሰቅለዋል። ሚስቱን እንኳ በቦቲው ነው ያገባት እያልን እንስቅበታለን። አንተን ከሩቅ ያውቅሃል፤ ያ ሐኪም ልጅሽ ደህና ነው እያለ ይጠይቀኛል።»

የዘጠነኛውን ሰው እግሮች በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸው። ያ የለሰለሰ ቀለበት፣ ያ በቀኝ ዳሌው ላይ ያለ ጥቁር ጠባሳ፣ ከግራው የበለጠው የወገቡ ጡንቻ። አንድ ሰው ሥራህ ምንድነው ብሎ ቢጠይቀው በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እኔም አስተማሪዬ ያስተማሩኝን አንዲት ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። የኤዶን ልጅ አየሁት፤ እሱም እያየኝ ነበር። ያውቀው ነበር። ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሳለ ያውቀው ነበር፤ ሽጉጡ ወገቡ ላይ ነበርና እሱም አፉን አልከፈተም። ዓይኑን ቀድሞ የሰበረ እሱ ይሁን እኔ አላስታውስም።

«ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከያዟቸው ጋር ነበር የሚሉ አሉ» አሉ ኤዶ። «ይሄን ልጄን ብጠይቀው ዝም አለኝ። አንተስ ሁሉንም መርምረህ የለ፣ አይተኸው ይሆን? ምን አደረጉት?»

«አላውቅም» አልኩ።

«ኢንሻአላህ ይደርስብናል» አሉና ሕፃኑን አዝለው ተነሱ። እኔም የልጃቸውን ክንድ አንገቴ ላይ አድርጌ ተከተልኳቸው።